ብርቅ ዛፍ፣ ችኩል ካሜራ

የጎንደርን ፖስት ካርዶች፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎችና የጉዞ መጻሕፍት ደጋግሞ ያገላበጠ ሰው ሁለት ዛፎችን ሳያውቅ አይቀርም። አንደኛው በፋሲል መዋኛ አጥር ላይ ተቀምጦ ሥሩን በድንጋዩ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ያፈሰሰው ነው። ሁለተኛው በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የቆመው፣ ፀሐይ ከበስተጀርባው የምትጠልቅበት ጅብራ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ጅብራን ከዛፍ ባይቆጥሩትም፣ ካሜራ ያነገተ ሁሉ ግን ከቆጠረው ቆይቷል። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ይህን የሚክድ የለም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያማረው ፎቶ ዛፉን አሳይቶናል ወይስ የፎቶ አንሺውን መገረም ብቻ?

ከፋሲል መዋኛ እንጀምር። ዐፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632–1667) አሠሩት በሚባለው በዚህ ግቢ አጥር ላይ የበቀሉት ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆኑ ዛፎች ናቸው። የዚህ ወገን ዛፍ ጠባይ የታወቀ ነው። ወፍ ፍሬውን ትበላለች፤ ዘሩን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ችግኙ አፈር ፍለጋ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል፤ ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ድንጋዩን ከኖራው ያላቅቃል። ነገር ግን ያላቀቀውን ግንብ መልሶ አቅፎ የሚይዘውም ያው ሥር ነው። ስለዚህ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ይህ ሥር እንቆቅልሽ ነው፤ ቢቆርጡት ግንቡ ሊናድ ይችላል፣ ቢተዉትም መሰንጠቁን አያቆምም። አፍራሹም ደጋፊውም አንድ ሆኗል።

ይህ ሁሉ በፖስት ካርዱ ላይ የለም። ፎቶ አንሺው ጠጋ ብሎ ሥሩን ብቻ እንደ ዘንዶ ያጠማዝዝልንና ይሄዳል። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚመጣለት፣ ዓመቱን አብዛኛውን ባዶውን የሚከርመው ገንዳ ከፎቶው ውጪ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ውኃው ሲባረክ የሚመለከተው ወጣትም ከፎቶው ውጪ ነው። የድንጋይና የዛፍ ትግል የነበረው ጌጥ ሆኖ ይቀርባል። ተመልካቹ «ወይ ጉድ!» ብሎ ገጹን ይገልጣል እንጂ «ይህ ግንብ ለልጅ ልጆቼ ይደርስ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም።

በጅብራውም ላይ የደረሰው ከዚህ አይለይም። በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ አገር የማይበቅለው ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይኖራል። ከዚያም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ወደ ሰማይ ይሰዳል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ካሜራው የሚፈልገው ዘንጉን ነው። እግሩ ሥር ገና የበቀለውን ጨቅላ ጅብራና ከጎኑ ደርቆ የቆመውን ያምናውን ሬሳ ግን «ፎቶውን ያበላሻል» እያለ ይሸሸዋል። እኛ የሠርጉን ቀን አየን እንጂ ዕድሜውን አላየንም። ሠርጉና ቀብሩ አንድ መሆናቸውንም የነገረን የለም።

በእነዚህ ፎቶዎች ግርጌ በብዛት የምናነበው «ብርቅ» የሚለው ቃል ነው። ለማን ነው ብርቅ? በደባርቅ ደጋ ከብት ሲጠብቅ ላደገ ልጅ ጅብራ ብርቅ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። ብርቅነቱ የእንግዳው ነው። እንግዳ መገረሙ ነውር ባይሆንም፣ ዕውቀት ሳይጨመርበት ሲቀር ከንቱ ነው።

ዐዋቂ እንግዳም ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ያገሩን ዕፅዋት ቅጠላቸውንና አበባቸውን እየለየ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ይህ ሰው ሲሆን፣ ከእነዚያ ዕፅዋት አንዱ ኮሶ ነው። ኮሶ ለደገኛው የእይታ ጌጥ አልነበረም፤ አበባው የሆድ ትል ማስወጫ መድኃኒት ነበር። ሥዕሉም የተሠራው ይህ ጠቃሚ ዛፍ በቅጠሉና በአበባው እንዲታወቅ ነው። የሚያሳዝነው፣ ባሉጋኒ በዚያው ጎንደር ላይ ሲሞት ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አወጣቸው። ኮሶንም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ በለንደኑ ወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ሠዓሊው ስሙን ቢነጠቅም ሥራው ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል፤ ዛፉን ለማሳየት መጀመሪያ ዛፉን ማወቅ እንደሚያሻ ይመሰክራል።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ሌላ እንግዳ መጣ። ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን የወህኒ አምባን ፍለጋ ወደ ጎንደር አገር ተጓዘ፤ ጉዞውንም በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ። የሚገርመው፣ ይኸው ሰው በ1996 ራሱ ያነሣቸውን የብሪታንያና የአየርላንድ 60 ዛፎች ፎቶግራፍ ከነታሪካቸው አሳትሞ ዝነኛ ሆነ። የመጽሐፉ ብልሃት ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዛፍ እንደ ሰው ያስተዋውቀናል፤ ከፎቶው ጎን ለጎን ታሪኩን ያወራናል። ጎንደር ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ምን ጎደላት? በጎንደሬው ዘንድ ስሙ የታወቀው የጃንተከል ዋርካ አለ፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ጥዶች አሉ።

ይሁንና የፓከንሃም መንገድም እንከን አያጣውም። ግዙፉንና ዝነኛውን ሲመርጥ ተራውን ይተዋል። በሰሜን ተራሮች ደግሞ አደጋው ያለው በተራው ላይ ነው። አስታ ለብቻው ሲቆም መልከ መልካም አይደለም፤ ውበቱ ደን ሲሆን ነው፤ ፖስት ካርድ ላይም ብዙ አይወጣም። ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ ውስጥ እሳት ሲነሣ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ያስጨነቀው ጉዳይ የአንድ ጅብራ ጉዳይ አልነበረም። ሣሩና አስታው ነው የነደደው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ መቆየቱንም አንርሳ። እንዲህ ላለው ቦታ በየዓመቱ ከአንድ ሥፍራ የተነሣ፣ ቀን የተጻፈበት ተራ ፎቶግራፍ ከመቶ የፀሐይ መጥለቂያ ይበልጣል። ምስክር ነውና።

«ፎቶ አንሺ ይብላ እንጂ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ የሚያድር እንግዳ ክረምትና በጋ ሊመላለስ አይችልም። ያማረ ፎቶ ጎብኚን እንደሚስብ፣ ጎብኚም ለዛፉ ዋጋ እንደሚያሰጠው አንክድም። የጎንደር ፎቶ አንሺ ግን እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ሳያስበው ትልቅ ሥራ ጀምሯል። ሙሽሮችን ወደ ፋሲል መዋኛ ወስዶ በዚያ ሥር ፊት የሚያቆማቸው እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ሙሽሮችን ይዞ ይመለሳል። ፖስት ካርዱ የሌለው ቀንና ምልልስ የሠርግ አልበሙ አለው። ሙሽሮቹን በእጃችን ሸፍነን ከጀርባቸው ያለውን ግንብ ብቻ ብናይ፣ የትኛው ድንጋይ መቼ እንደተላቀቀና የትኛው ሥር ምን ያህል እንደወፈረ የሚናገር መዝገብ እናገኛለን።

ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይባላል። በጎንደር ግን ዛፉ አለ፤ የጎደለው ተመልሶ የሚያየው ካሜራ ነው። የከተማዋ ፎቶ ቤቶች እነዚያን አልበሞች ባለቤቶቹን አስፈቅደው ቢያሰባስቡና ያንን አንድ ሥር በየዓመተ ምሕረቱ ደርድረው በአንድ አዳራሽ ቢያሳዩን፣ በዚህ አገር ስለ ዛፍ ከቀረቡት የፎቶግራፍ ዐውደ ርእዮች ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይሆናል እንላለን። የቅርስ ባለሙያውም መግቢያውን ከፍሎ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ እንደሚመጣ አንጠራጠርም።