ብዕርን ስለ መቅረጽ፣ ፊደልን ስለ ማቆም

ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት የፈለፈሉ ሰዎች በኖሩበት በዋግ ምድር፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ አድባራት፣ ቁም ጽሕፈት ለመማር የሚመጣ ደቀ መዝሙር ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሐረጉ ላይ ነው፤ በመጽሐፉ ራስጌ በኅብረ ቀለም ተጠላልፎ የተሣለው ያ ጌጥ ልብን የሚማርክ በመሆኑ፣ የጽሕፈቱ ውበት ሁሉ እርሱ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ጥበብ ውስጥ እየቆየሁ ስሄድ ያመንሁት፣ የጽሕፈት ጌጥ በፊደሉ አቋም እንጂ ከፊደሉ ውጭ እንዳይደለ፣ የፊደሉም አቋም አስቀድሞ በብዕሩ አቀራረጽ እንደሚወሰን ነው።

ብዕሩ መቃ ነው። መቃው በሰላ ካራ ጫፉ ተቆርጦ፣ ከመካከሉ ተሰንጥቆ ቀለም እንዲያወርድ ይደረጋል፤ ጫፉ ሰፋ ብሎ ስለሚቀረጽም፣ እጅ ሳይጫነው ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሳብ ቀጭን መስመር ያወጣልና፣ የ«በ» ሁለት እግሮች ደልደል ብለው ሲቆሙ ራሱ ስስ ሆኖ የሚያገናኛቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ብሪታንያዊው ኤድዋርድ ጆንስተን የጥንት መጻሕፍትን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው የጽሕፈት መምሪያ፣ የላቲን ፊደል መልክ ከሰፊ ጫፍ ብዕር እንደሚወለድ ለሀገሩ ሰዎች ዳግመኛ አስተምሯል፤ የእኛ ጸሐፍት ግን ይህንኑ ትምህርት ሳያቋርጡ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲያወርሱት ኖረዋል። ስለዚህ ፊደሉ የተንጋደደበት ተማሪ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ብዕሩን ነው። «እስቲ አምጣው ልጄ፣ ጫፉን ልየው» ይላሉ፤ ጫፉ ደንዝዞ እንደ ሆነም ራሳቸው አይቀርጹለትም፣ ካራውን አቀብለው እርሱ ሲቀርጽ ይመለከታሉ።

ለብራናው ዋግ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ስሟ የታወቀ ነው። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ከደረቀ በኋላ፣ ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፤ በዚያው ወስፌ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምርበታል። ብርሃን ከጎን ካልመጣ ይህ መስመር አይታይምና፣ ጀማሪ የሚቀመጥበትን ስፍራ መምረጡ ራሱ ከትምህርቱ ይቆጠራል።

26ቱ የግዕዝ ፊደላት በ7ቱ ቤት 182 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ነገር ግን እነዚህን ለየብቻ አሳምሮ ማቆም ገና ጽሕፈትን መቻል አይደለም። ለዚያ መምህሩ ዳዊት ነው። በብራና ዳዊት 150ው መዝሙር የሚጻፈው ዐምዱን እየሞላ ሳይሆን አንዱ ስንኝ በአንድ መስመር እየሆነ ስለሆነ፣ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቃል ሲጀምር የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ ማሰብ፣ በየቃሉ መካከል ለሚገቡት ሁለት ነጥቦችም ስፍራ መተው ይገባዋል፤ የጠበበው እንደ ሆነ ትራፊውን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በታች በደቃቁ ያስጠጋዋል። ይህ በብዙ ጥንታውያን ዳዊቶች የሚታይ ስለሆነ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የጸሐፊው ልብ የት ላይ እንደ ነበረ ይነግረናልና፣ ጀማሪው እንዲመረምረው ሁልጊዜ እመክራለሁ። በቀይ ቀለም የሚጻፉት ቅዱሳት ስሞችም ይህንኑ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በየ10 መዝሙሩ ከሚገባው ጌጥ ጀምሮ ሐረግን መማር የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ እጅ ይህን ሁሉ ከለመደ በኋላ ነው።

የዋግ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ብዙው በቤቱ የአገው ቋንቋ የሆነውን ኽምጥኛ ተናግሮ ያድጋል፤ ግዕዙን በንባብ ቤት፣ አማርኛውን በትምህርት ቤት ይቀበላል። ዛሬ ኽምጥኛው ራሱ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣልና፣ ግዕዝ ለማያውቀው ለአገው ድምፅ «ጘ» ገብቷል። ከዳዊት ቀድቶ የሚማር ጀማሪ ለዚህ ፊደል አርአያ አያገኝም፤ የሚያየውም የማተሚያ ቤት ያወጣውን ቅርጽ ብቻ ነው። እኔ የምጽፈው የ«ገ»ን እግር እንዳለ በሙሉ የብዕር ስፋት አውርጄ፣ ከራሱ ላይ ያለውን ምልክት በጫፉ ቀጭን ወገን በማሳሳት ነው፤ ምልክቱ ከወፈረ ራሱ ይከብድና ፊደሉ ከጎረቤቶቹ ጋር አይሰለፍም። «ገ»ን ያቆመ ተማሪ ሁሉ በዚያው ቀን «ጘ»ንም እንዲጽፍ አደርጋለሁ።