ለራዲያተር መፈተሻው

ከጋራዥ ዕቃዎች ሁሉ የማደንቀው የራዲያተር ግፊት መፈተሻን ነው፤ ጌጅ ያለው ትንሽ የእጅ ፓምፕ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ቦታ ይገጠምና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ፣ ብዙ ጊዜ 1 ባር ገደማ፣ ይነፋል። ቀስቱ ከወረደ ኩላንቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። በቤተሰብ ቶዮታ ላይ ከውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ከታየ ጥፋተኛው ሳይያዝ አይቀርም። ውጭው ደረቅ ሆኖ ቀስቱ ከወረደ ግን፣ አያድርስ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን እዚህ ጣጣው ይብሳል። ጎበዝ መካኒክ ክዳኑንም ይፈትናል። የሚያፈሰውን የውሃ ፓምፕ ቀይሮ፣ ኩላንቱን ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ እንደገና ይነፋል። ሳይነፋ ሒሳብ የሚጠይቀውን እኔ አልከፍለውም።