ጊደር ላም የምትባለው መቼ ነው?

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንበሳና ጅብ ብዙ አያስቸግሩም። ላብ የሚያስወጡት በረት ውስጥ ያሉት ናቸው፦ ላም፣ ጊደር፣ ጥገት፣ መሲና። አራቱንም «ሴት ከብት» ብሎ የፈታ ሰው አልተሳሳተም፤ ግን ምንም አልነገረንም።

ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው ዓይነት የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው፣ ለጊደር አቻ ቃል ካገኘ ይገላገላል። አማርኛን በአማርኛ የሚፈታ ግን፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው ሥራቸው እንዳደረጉት፣ ይህ መሸሻ የለውም። ጎረቤታሞቹን ቃላት ጎን ለጎን አቁሞ የሚለያዩበትን መናገር አለበት።

መለያው ደግሞ አንድ አይደለም። ጊደር ገና ያልወለደች ናት፤ ስትወልድ ላም ትባላለች። እዚህ ላይ ወሳኙ ዕድሜ ሳይሆን መውለድ ነው። ጥገት ያው ላሚቱ ራሷ ናት፣ በምትታለብበት ጊዜ፤ ስትነጥፍ ስሙም ይቀርባታል። መሲና መውለድ ትታ የሰባች ናት፤ ወተት ባይገኝባትም ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች ሥጋዋን አይጠሉትም። ወንዶቹ ዘንድ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ተኮላሽቷል ወይስ አልተኮላሸም? ለምንስ ይፈለጋል? ኮርማ ላም ያጠቃል፣ በሬ ያርሳል፣ ሰንጋ ሰብቶ ቢላዋ ይጠብቃል። ወይፈን ገና ቀንበር ያልለመደው ጎረምሳ ነው።

በጎቹ ዘንድ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ወጥመዱ ሙክት ነው። «የተኮላሸና የሰባ በግ» ብሎ የፈታው ግማሹን ነው የፈታው። የበዓል ገበያ ውስጥ ሙክት ፈላጊው «የበግ ነው የፍየል?» ተብሎ ይጠየቃል። ወጠጤ ግን የፍየል ብቻ ነው (ሰው ሲሰደብበትም ፍየልነቱ አይረሳም)።

ከብት ራሱ እንደ ቦታው ይሰፋል፣ ይጠባል። «የቀንድ ከብት»፣ «የጋማ ከብት» ተብሎ ሲከፈል በጋማው በኩል ፈረሱም አህያውም ይገባል፤ እረኛው «ከብቶቹን አስገባ» ሲባል ግን አህያ ፍለጋ አይሄድም።

እምቦሳስ? አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው። ጥጃ በቅርብ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል፤ ባለቤቶቹም «እምቦሳ እሰሩ» ይላሉ። ዛሬ ቃሉ ይበልጥ የሚሰማው በዚህ ሰላምታ ስለሆነ፣ ፍቺውን ከሰላምታው መጀመር ያጓጓል። ሆኖም ጥጃው ሊቀድም ይገባል፤ ከብት የሀብት መለኪያ እንደነበር ያላወቀ አንባቢ፣ እምቦሳ ማሰር ለምን ምርቃት እንደሆነ አይገባውም።