ሉክኖስ በቆቦ፦ የዮሐንስ 5፥35 «መብራት»

የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ሁለቱን የግሪክ ቃላት አልደባለቀም፤ ፎስን «ብርሃን»፣ ሉክኖስን «መብራት» ይላል። መጥምቁ ፎስ አይደለም (1፥8)፤ ሉክኖስ ነው (5፥35)። ከዚህ ተነሥተው ፎስ ለክርስቶስ ብቻ፣ ሉክኖስ ለሰው ብቻ ነው የሚሉ ሰባክያን ግን ቸኩለዋል፤ ማቴዎስ 5፥14 ደቀ መዛሙርትን ፎስ፣ ራእይ 21፥23 በጉን ሉክኖስ ይላልና። ልዩነቱ የሚጸናው በዮሐንስ ወንጌል አገባብ ነው።

ለእኛ የሚከብደው አማርኛው ነው። ዛሬ በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በራያ ቆላ፣ «መብራት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ እንላለን። ይህ መብራት አይነድም። ስለዚህ በጥቅሱ «የሚነድ» የተባለው ካዮሜኖስ ሳይሰማ ያልፋል፤ እያበራ የሚያልቀው፣ ሊያንስ የሚገባው (3፥30) ዮሐንስም አብሮ ይጠፋል። ሉክኖስ ሌላ የሚለኩሰው፣ ክሩ የሚቃጠል፣ ዘይቱ የሚያልቅ ነው። ቁጥሩ ራሱ የሰዎቹ ደስታ ለጥቂት ጊዜ እንደ ነበር ይናገራል።

በጦርነቱ ወራት ኃይል ተቋርጦባት የቆየችው ቆቦ የቀረበ ቃል አላት፦ ኩራዝ። ትርጉሙ ውስጥ ይግባ አልልም፤ ነጭ ጋዝ የወይራ ዘይት አይደለም። በስብከት ግን «ዮሐንስ ኩራዝ ነበረ» ያለ አገልጋይ ካዮሜኖስን በግሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም።