ገበና ከታቹ ንድፍ

የሶፍትዌር አርክቴክቸር ተማሪ ንድፍ አምጣ ሲባል መጀመሪያ ይዞ የሚቀርበው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መረጃ የሚቀበል ሳጥን፣ የሚያቀነባብር ሳጥን፣ ውጤት የሚያሳይ ሳጥን፣ በመካከላቸው ቀስት። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚሠራበት ቅደም ተከተል እንዳለ ይገለበጥና የክፍሎቹ አከፋፈል ይሆናል። ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከፍል ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ስድስት ገጽ ጽሑፍ አሳይቷል። ያን ጊዜ ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ትምህርት ላይ ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት ታትመዋል፤ የዚያን ጽሑፍ ያህል ጥንቅቅ ተደርጎ የተሠራ ግን እምብዛም አላየሁም።

ሙያው ገና ከምሳሌው ምርጫ ይጀምራል። ፓርናስ የባንክ ወይም የአየር መንገድ ሥርዓት አላነሳም። ያነሳው ጎበዝ ፕሮግራመር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል ያለውን ትንሽ የማውጫ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አርእስቶችን ይቀበላል፤ የእያንዳንዱን አርእስት የፊተኛ ቃል እያነሳ ወደ መጨረሻ ያዞራል፤ ከዚያ የተገኙትን ሁሉ በፊደል ተራ ይደረድራል። «የቡና ገበያ ታሪክ» ብንሰጠው «ገበያ ታሪክ የቡና» እና «ታሪክ የቡና ገበያ» ይጨመሩበታል፤ በእኛ ፊደል ተራ ደግሞ በ«ታሪክ» የሚጀምረው ይቀድማል፣ በ«የቡና» የሚጀምረው ይከተላል፣ የ«ገበያ»ው መጨረሻ ይሆናል። ጽሑፉን የሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ቃላት አንዱን ካስታወሰ አያጣውም። ምሳሌው ትንሽ ስለሆነ አንባቢው ሁለት ሙሉ ንድፎችን ጎን ለጎን በአእምሮው ይዞ ማመዛዘን ይችላል። በትልቅ ምሳሌ ቢሆን ኖሮ ደራሲውን ከማመን ሌላ ምርጫ አይኖረውም ነበር።

በመጀመሪያው ንድፍ የፕሮግራሙ ክፍሎች፣ ማለትም ሞጁሎቹ፣ የሥራውን ደረጃ ይከተላሉ፦ ተቀባይ፣ አዟሪ፣ ደርዳሪ፣ አታሚ፣ ከበላያቸው አንድ አዛዥ። ይሠራል፤ ፓርናስም አይሠራም አላለም። ጣጣው ሁሉም የአንዱን ጓዳ ማወቃቸው ነው። ፊደላቱ በአንድ የሜሞሪ ቋት ውስጥ አራት አራት ሆነው መታጨቃቸውን ተቀባዩም፣ አዟሪውም፣ ደርዳሪውም፣ አታሚውም ያውቃሉ። በሁለተኛው ንድፍ መስመሮቹን የሚይዝ አንድ ሞጁል ይመጣና ገበናውን ይሸፍናል፤ ሌላው ሁሉ ደጅ ቆሞ ይጠይቃል፦ በዚህ መስመር፣ በዚህ ቃል ውስጥ፣ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ፊደል ምንድን ነው? መልሱ አንድ ፊደል ነው። ከሜሞሪ ይምጣ ከዲስክ፣ ታጭቆ ይቀመጥ ተዘርግቶ፣ ጠያቂው አያውቅም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ደርዳሪውን ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በፊደል ተራ እዚህ ቁጥር ላይ የሚውለው የትኛው ነው? ሁሉንም አስቀድሞ ደርድሮ ይመልስ፣ በተጠየቀ ቁጥር ይፈልግ፣ ወይም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ በከፊል ይደርድር፣ ጥያቄው አያሳብቅም። ሦስት ፈጽሞ የተለያዩ ፕሮግራሞች ከዚህች አንዲት ጥያቄ ጀርባ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጥሩ ንድፍ ይህን ያህል ቁጥብ ነው።

ፓርናስ ከዚያ ፊቱን ወደ ገዛ ሥራው ያዞራል። በሁለተኛው ንድፍ አዟሪው ዙሮቹን የት እንደሚያኖር ተደብቋል፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጣቸው ግን ተደንግጓል። ይህም ከሚያስፈልገው በላይ መናገር ነው፣ ያለ ምክንያት የወደፊቱን ሠሪ እጅ ያስራል ይላል። ዋጋውንም አይሸሽግም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ጥሪ ማድረግ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ የጥሪው ኮድ እዚያው ቦታው ላይ እንዲገባ የሚያደርግ ዘዴ ያስፈልጋል። የራሱን ንድፍ እንዲህ የሚመረምር ደራሲ ብዙ አይገኝም።

ንድፉን ለመፈተን ያቀረባቸው ለውጦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ አንድ የአገራችንን ልጨምርበት። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ ይበቃዋል። የአራት አራቱ እሽግ ስለዚህ አበቃለት። በመጀመሪያው ንድፍ ይህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁሉንም ይበጠብጣል። በሁለተኛው የሚነካው ተቀባዩና መስመር ያዡ ነው። አንዱ «ኃይል» ሌላው «ሀይል» ብሎ ቢጽፍና ሁለቱ ጎን ለጎን ይውጡ ብንል ደግሞ ደርዳሪውን ብቻ እንከፍታለን። የእኛ ፊደል ያልታሰበበት ንድፍ ፊደላችንን ያለ ብዙ ጣጣ ያስተናግዳል ማለት ነው።

ግምገማ የሚባለው የትምህርቱ ክፍልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ካርኔጊ ሜለን ዴቪድ ጋርላንና ሜሪ ሾ ይህንኑ ማውጫ በአራት ዓይነት ንድፍ አስቀምጠው በሰንጠረዥ አወዳደሩት፤ በሁሉም መስፈርት ያሸነፈ አንድም የለም። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም ያወጣው ኤታም የተባለ የግምገማ ዘዴም ባለጉዳዮችን ሰብስቦ፣ ተጨባጭ ሁኔታ እያነሱ፣ አንዱ ውሳኔ የትኛውን ጥራት ጠቅሞ የትኛውን እንደሚጎዳ መፈለግ ነው። የፓርናስ የጥሪ ዋጋ ልክ እንደዚህ ያለ ቦታ ነው፤ ለውጥን ያቀላል፣ ፍጥነትን ይቀንሳል። «ለለውጥ ምቹ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየመመረቂያ ጽሑፉ ይነበባል፤ የትኛው ለውጥ፣ ስንት ሞጁል ነክቶ የሚለው ካልተከተለው ባዶ ነው።

ይህን ኮርስ ለሚያስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን በስላይድ አሳጥረው አይስጡ፤ ስድስቱንም ገጽ ያስነብቡ። ተማሪው የራሱን ንድፍ ሲያመጣ ደግሞ አምስት ለውጦች ይስጡትና እያንዳንዱ የሚነካቸውን ሳጥኖች በቀይ እስክሪብቶ እንዲያቀልም ያድርጉ። አንዱ ለውጥ ብቻውን ሥዕሉን ሙሉ ካቀላው፣ ሥዕሉን ይመልሱለት።