አለም ለምን አይሰስትም?

የቤንጃሚን ዜፋናያ «ሪፊዩጂ ቦይ» (2001 እ.ኤ.አ.) ሲጀምር ወታደሮች በር ሰብረው ይገባሉ፤ አንዴ ኢትዮጵያ፣ አንዴ ኤርትራ። ትዕይንቱ ያው ነው፣ ክሱ ብቻ ይገለበጣል፦ እዚህ የእናት ኤርትራዊነት፣ እዚያ የአባት ኢትዮጵያዊነት። ወደድኩት። ከዚያ አባት የ14 ዓመቱን አለም ኬሎን እንግሊዝ አገር ሆቴል ውስጥ፣ ደብዳቤ ትቶለት ይሄዳል። ይሄን ቦታ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ግን አለም በጣም ጨዋ ነው! ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መንዝ ሲደርስ፣ ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን በእግር ስንሸሽ እኔም በሱ ዕድሜ ነበርኩ። ቆሎዬን ከታናሽ ወንድሜ ደብቄ፣ ሲቆረጠም እንዳይሰማኝ አፌ ውስጥ እያራስኩ በላሁ። አለም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ አንባቢው ጥገኝነት ይነፍገው ነበር? ዜፋናያ ይሄን የፈራ ይመስለኛል።

ወንድሜ እስካሁን ቆሎው መንገድ ላይ የፈሰሰ ነው የሚመስለው።