ስሕተት የሌለበት ደብተር

የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት የሚቀርበው እንከን የለሽ ቅኔ ይዞ አይደለም። ብቻውን ሲቆጥር ይውልና ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናውን ያሰማል። ቤቱ ይፋለስ ይሆናል፤ ምሥጢሩ ይሳሳ ይሆናል። መምህሩ የሚይዘው ይህንኑ ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር የሆነውም ስርቆት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የራሱን ስሕተት ካላመጣ መምህሩ ምኑን ያርማል?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርት ላይ ያመጣውን ጣጣ ከዚህ አንጻር ማየት ይበጃል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ብቅ ካለ ወዲህ የሚወራው ስለ ኩረጃ ነው። ኩረጃ ግን ጥንትም ነበረ። ከጓደኛው የቀዳ ተማሪ የጓደኛውንም ስሕተት አብሮ ስለሚቀዳ ይነቃበታል። ከማሽኑ የሚመጣው ድርሰት ግን ሰዋስዉ የተቃና፣ አንቀጹ የተመጠነ፣ ሐሳቡ የማንም ያልሆነ ነው። ቀይ እስክሪብቶ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ለተማሪ ድርሰት የሚታዘዘው ዓለም ድርሰት ቸግሯት ሳይሆን ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል እንዲታይ ነበር።

መድኃኒት ተብሎ የመጣውም ሌላ በሽታ ሆነ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ በማሽን የተጻፈውን ከሰው ጽሑፍ የሚለይ መሣሪያ በጥር 2015 ዓ.ም. አውጥቶ፣ አስተማማኝ ባለመሆኑ በሐምሌ አነሣው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 መሰል መለያዎችን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው 91 የቶፍል ፈተና ድርሰቶች ሞከሩ። መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን ድርሰቶች «የማሽን ሥራ» ብለው በሐሰት ፈረዱባቸው። በተውሶ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የለመዳቸውን ጥቂት ቃላት ይደጋግማል፤ መለያውም ቀላልና የሚጠበቅ ቃል ሲበዛበት ማሽንን ይጠረጥራል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለሚማረው የእኛ ልጅ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ማሽኑን ያዘዘው ያልፋል፤ ባለችው እንግሊዝኛ ታግሎ የጻፈው በሌብነት ይጠረጠራል።

ታዲያ ሌባን በማሽን ከማሳደድ ይልቅ ተማሪው የጻፈውን ቆሞ ያስረዳ። «ይህን ለምን አልህ? ይህችን ቃል ለምን መረጥሽ?» ተብሎ ይጠየቅ። በተጨናነቀ ክፍል ይህን ማድረግ ጊዜና መምህር ይጠይቃል፤ ለማሽኑ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት መታሰብ ያለበትም ይኸው ነው። ስሕተቱን የሚያይለት ያጣ ልጅ ውጤት ያገኝ ይሆናል፤ ትምህርት ግን አላገኘም።